ጁን ላይ ቡድን የሚያቆየው አምስተኛው ፒቸር ነው

ጥያቄ፦ «ልጄ በኮሌጅ ቤዝቦል ቡድን ውስጥ የአንደኛ ዓመት ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነው። ቡድናቸው ዘንድሮ በጣም ጥሩ ነበር፤ አርብ አርብ የሚጀምረው ልጅ ከወረወረ መሸነፍ የለም። ሪጅናሉ ላይ ግን አርብ አሸነፉ፣ ቅዳሜ ተሸነፉ፣ እሑድ ከሰዓት ተሰናበቱ። አሠልጣኙ ያንን ጎበዝ ልጅ እሑድ ለምን አላስገባውም? የኔ ልጅ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ከርሞ ቅዳሜም እሑድም አወረወሩት። እናት ነኝና ክንዱ እንዳይጎዳ ፈራሁ። ነገሩን የሚያውቅ ቢያስረዳኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ»

ምላሽ፦

ሰላም እህቴ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ባጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። አርብ 100 ኳስ የወረወረ ልጅ እሑድ ተመልሶ ቢገባ ሜዳው ላይ የሚያገኙት የአርቡን ልጅ አይደለም። አሠልጣኙ እሱን ማሳረፉ ትክክል ነው። የጎደለው ሌላ ቦታ ነው፤ ከሱ በታች ያሉት አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ፒቸሮች ለእንዲህ ያለው ቀን አልተዘጋጁም። ይህ ደግሞ ሪጅናሉ ላይ የተፈጠረ ሳይሆን ከማርች ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ችግር ነው። ልጅዎ ሁለት ቀን በተከታታይ የተጠራውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ሥራዬ ከፒቸሮች ጋር ስለሆነ ጁን በመጣ ቁጥር ይህን ጥያቄ ከወላጆች እሰማለሁ። ከኛ ማኅበረሰብ ብዙዎቻችን ቤዝቦልን የተማርነው በልጆቻችን በኩል ነውና ከመሠረቱ ብጀምር አይከፋም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ሜይ ባለው መደበኛ ውድድር አንድ የኮሌጅ ቡድን በሳምንት አብዛኛውን ጊዜ አራት ጨዋታ አለው። አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ሦስት ጊዜ ይጫወታል፤ በሳምንቱ መካከል፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ደግሞ ቅርብ ካለ ትምህርት ቤት ጋር አንድ ጨዋታ ይኖረዋል። ስለዚህ ሦስት ጥሩ ስታርተሮች (ጨዋታ የሚጀምሩ ፒቸሮች) ያሉት ቡድን እያንዳንዳቸውን በሰባት ቀን አንዴ ያስወረውራቸዋል። ከኋላ ሁለት ወይም ሦስት አስተማማኝ ልጆች ከቡልፔን (ተጠባባቂ ፒቸሮች ከሚያሟሙቁበት ቦታ) ከወጡለት 40 ጨዋታ ማሸነፍ ይችላል። የማክሰኞው ጨዋታ ቢበላሽም የሊጉን ደረጃ አይነካም። በዚህ አሠራር የቡድኑ ስድስተኛና ሰባተኛ ፒቸር ጎበዝ ይሁን ደካማ ሳይታወቅ ሜይ ያልቃል። እርስዎ «ጥሩ ነበሩ» ያሉት ቡድን በእውነትም ጥሩ ነበር፤ ጥሩ የነበረው ግን ለሳምንቱ መጨረሻ ለሦስት ጨዋታ ነው።

ጁን ሲመጣ ስሌቱ ይቀየራል። በዲቪዚዮን አንድ (በከፍተኛው የኮሌጅ እርከን) 64 ቡድኖች ይመረጡና አራት አራት ሆነው በ16 ከተሞች ይመደባሉ፤ ይህ ነው ሪጅናል የሚባለው። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ይሰናበታል። ሳይሸነፍ የሚሄድ ቡድን በሦስት ቀን ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ያልፋል፤ ከለመደው ሳምንት ብዙም አይለይበትም። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች አንዱን የተሸነፈ ቡድን ግን ለማለፍ በአራት ቀን አምስት ጨዋታ ያስፈልገዋል። እሑድ ከሰዓት አንድ፣ እሑድ ማታ ሌላ፣ ሰኞ ደግሞ የመጨረሻው።

እስቲ ይህን በኳስ እንቁጠረው። አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ (ዙር) ስለሆነ አምስት ጨዋታ 45 ኢኒንግ ነው። አንድ ኢኒንግ ለመጨረስ በአማካይ ከ15 እስከ 17 ኳስ ይፈጃል ብንል፣ ከአርብ እስከ ሰኞ ቡድኑ 700 ያህል ኳስ መወርወር አለበት። ሦስቱ ስታርተሮች መቶ መቶ ቢወረውሩ 300 ነው፤ ያውም ሦስቱም ከቀናቸው። የቀረው 400 ኳስ ከማን ክንድ ይመጣል? የእርስዎ ልጅ ቡድን አሠልጣኝ ቅዳሜ ማታ ሆቴል ቁጭ ብሎ ሲያስብ ያደረው ይህንን ነው። ወላጆች ከመቀመጫቸው ሆነው የሚያዩት የእሑዱን ጨዋታ ብቻ ሲሆን እሱ ግን እሑድ ከሰዓት ቢያሸንፍ እሑድ ማታ ማንን እንደሚያሰልፍም ማወቅ አለበት።

ከቤትዎ ብዙ ሳይርቅ የተደረገ አንድ ምሳሌ አለ። በ2022 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ላይ ሪጅናል አስተናገደ፤ በታሪኩ የመጀመሪያው ነበር። ቡድኑ በዚያ ዓመት 48 ጨዋታ አሸንፏል፤ የትምህርት ቤቱ ክብረ ወሰን ነው። ከፒቸሮቹ አንዱ ሪያን ራምዚ ኤፕሪል ላይ ኖርዝዌስተርንን አንድም ተጫዋች ቤዝ ሳያስረግጥ ዘጠኙን ኢኒንግ ጨርሷል። እንዲህ ያለ ቡድን ነበር። ቅዳሜ በኮኔቲከት ተሸነፈና ያ የአምስት ጨዋታ መንገድ ተከፈተ፤ እሑድ ዌክ ፎረስትን አሸንፎ፣ ማታውኑ ኮኔቲከትን አሸንፎ፣ ሰኞ ላይ በዚያው በኮኔቲከት ወደቀ። ሜሪላንድ ሰነፍ ስለነበር አይደለም። አንዲቱ የቅዳሜ ሽንፈት ሁለት ተጨማሪ ጨዋታ አስከፈለችው፤ በአምስተኛው ጨዋታ ላይ ማንም ቡድን የሚፈልገውን ፒቸር በሚፈልገው ሰዓት አያገኝም።

ጎበዙ ልጅ በሁለተኛው ቀን ለምን እንደማይመለስ ለማስረዳት ወደ ክንዱ መሄድ አለብን። ኳሱ ከእጅ በሚወጣበት ቅጽበት ክርን ላይ የሚያርፈው ጉልበት፣ በውስጠኛው በኩል ያለችው ቀጭን ጅማት ብቻዋን ልትሸከመው ከምትችለው በላይ ነው። በዙሪያዋ ያሉት የክንድ ጡንቻዎች ናቸው የሚያግዟት። ጡንቻ ሲደክም ሸክሙ ወደ ጅማቷ ይዛወራል። ከ100 ኳስ በኋላ ጡንቻው ለማገገም ቀናት ይፈልጋል፤ ይህ የጀግንነት ወይም የፍላጎት ጉዳይ አይደለም። ሜጀር ሊግ ቤዝቦልና የአሜሪካ ቤዝቦል ማኅበር በጋራ ያወጡት ፒች ስማርት የሚባል መመሪያ ከ19 እስከ 22 ዓመት ላሉ ወጣቶች በቀን ከ120 ኳስ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከ81 እስከ 105 የወረወረ አራት ቀን፣ ከዚያ በላይ የወረወረ አምስት ቀን ይረፍ ይላል። አርብ 100 የወረወረ ልጅ በዚህ ቆጠራ የሚመለሰው ረቡዕ ነው፤ ሪጅናሉ ደግሞ ሰኞ አልቋል።

ይህ ምክር ነው እንጂ ሕግ አይደለም። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲዳብልኤ ለፒቸሮች የኳስ ብዛት ገደብ አላወጣም። ውሳኔው ሙሉ በሙሉ በአሠልጣኙ እጅ ነው፤ ስለዚህ አሠልጣኝዎ እሑድ ያደረገው ነገር ሊመሰገንበት ይገባል። ብዙዎች አያደርጉትም።

ከክንዱ ሌላ የመቺዎቹ ጉዳይም አለ። አንድ መቺ ያንኑ ፒቸር በአንድ ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥመው ኳሱ የሚወጣበትን ቦታ፣ የኩርባውን ጊዜ ለምዶታል፤ ይመታዋል። ሪጅናልና የመጨረሻው ውድድር በሚካሄድባት ኦማሃ ላይ ደግሞ ያንኑ ቡድን በአራት ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሊያገኙት ይችላሉ። ቅዳሜ ያያቸውን ሁለት ሪሊቨሮች (ከቡልፔን ወጥተው የሚተኩ ፒቸሮች) ሰኞ ሲያመጡበት ተጋጣሚው አዲስ ነገር አያይም። ብዙ ፒቸር ያለው ቡድን ድካምን ብቻ ሳይሆን መታወቅንም ያመልጣል። ወላጆች ይህን ብዙ ጊዜ አያስተውሉትም፤ እኔ ግን ከድካሙ እኩል እቆጥረዋለሁ።

ይህ ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ የሚታየው በ2023ቱ የኮሌጅ ወርልድ ሲሪስ ነው። ውድድሩ ከ1950 ጀምሮ በነብራስካዋ ኦማሃ ይካሄዳል፤ የመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች እዚያ ይገናኛሉ፤ አራት አራት ሆነው እንደ ሪጅናሉ ይፋለሙና ሁለቱ አሸናፊዎች ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ዋንጫ የሚወስድበትን ፍጻሜ ይጫወታሉ። በዚያ ዓመት የሉዊዚያና ስቴት ቡድን፣ ኤልኤስዩ የሚባለው፣ ፖል ስኪንስ ነበረው። ስኪንስ በዚያ አንድ ዓመት 209 መቺዎችን በስትራይክ፣ ማለትም ኳሱን ሳይመቱበት፣ አስወጥቷል፤ ቡድኑ በሚጫወትበት ሊግ ታሪክ እንደሱ ያደረገ አልነበረም። በዚያው ጁላይ የፕሮፌሽናል ቡድኖች ተጫዋች ሲመርጡ ፒትስበርግ ከሁሉም በፊት መረጠው፤ እኛው አጠገብ ያለው የዋሽንግተን ናሽናልስ ቀጥሎ የመረጠው ዲላን ክሩስም ከዚያው ቡድን ነው። እንግዲህ ከዚህ የሚበልጥ የአርብ ፒቸር ከየት ይመጣል?

ሰዎች ያንን ዋንጫ ሲያስታውሱ ስኪንስን ያስታውሳሉ፤ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎም ተሸልሟል። ቀኖቹን በተርታ ሲያዩዋቸው ግን ታሪኩ ሰፋ ይላል። ጁን 17 ስኪንስ ወርውሮ ቴነሲን አሸነፉ። ጁን 19 በዌክ ፎረስት 3 ለ 2 ተሸነፉ። ከዚህ በኋላ ሌላ ሽንፈት ማለት ወደ ቤት መመለስ ነው፤ ስኪንስ ደግሞ ገና ሁለት ቀን ነው ያረፈው። ጁን 20 አሠልጣኙ ጄይ ጆንሰን ያሰለፈው ኔት አከንሃውሰንን ነበር። ይህ ልጅ በዚያ ዓመት አንድም ጨዋታ ጀምሮ አያውቅም፤ ሥራው ከቡልፔን መውጣት ነበር። ውድድሩ ጥግ ሲያስይዛቸው የዓመቱን የመጀመሪያ ጅማሮ ተሰጠውና ቴነሲን ስድስት ኢኒንግ ያለ አንድ ነጥብ ያዛት። 5 ለ 0 አለቀ። በማግስቱ ከዌክ ፎረስት ጋር የአንደኛ ዓመቱ ግሪፊን ሄሪንግ ከቡልፔን ወጥቶ ከአራት ኢኒንግ በላይ ያለ ነጥብ ያዘ፤ 5 ለ 2 አሸነፉ።

ጁን 22 ስኪንስ በአራት ቀን ዕረፍት ተመለሰ። በሌላው ወገን የዌክ ፎረስቱ ሬት ላውደር ነበር። ላውደር ሰባት ኢኒንግ፣ ስኪንስ በ120 ኳስ ስምንት ኢኒንግ ወረወሩ፤ ማንም ነጥብ አላገኘም። ከዚያ በኋላ ታቸር ኸርድ ገብቶ ሦስት ኢኒንግ ዘጋ፤ በ11ኛው ቶሚ ዋይት ኳሱን አጥር አሻግሮ መታና 2 ለ 0 ተጠናቀቀ። ያንን ሌሊት ያየ ሰው መቼም አይረሳውም። እኔ ግን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማሳያቸው ከሁለት ቀን በፊት የነበረውን የአከንሃውሰንን ጨዋታ ነው፤ እሱ ባይይዝ ኖሮ ያ ሌሊት አይኖርም ነበር።

ፍጻሜው ላይ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። ከፍሎሪዳ ጋር በመጀመሪያው ጨዋታ ታይ ፍሎይድ 17 መቺዎችን በስትራይክ አስወጥቶ በ11ኛው ኢኒንግ 4 ለ 3 አሸነፉ። በማግስቱ ፍሎሪዳ 24 ለ 4 ደበደበቻቸው። አዎ፣ 24። ቴሌቪዥን ላይ የሚያይ ሰው «ይህ ቡድን አልቆለታል» ይላል። ጆንሰን ግን ጨዋታው እንዳመለጠ ሲገባው ኸርድን አልነካውም፤ ሃያ አራት ነጥብ ገባበት እንጂ የነገውን ክንድ አላወጣም። ጁን 26 ኸርድ ጀመረ፤ ስድስት ኢኒንግ በሁለት ነጥብ ብቻ ያዘ፤ ኤልኤስዩ 18 ለ 4 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በአሥር ቀን ስምንት ጨዋታ ተጫውተዋል። ስኪንስ በሦስቱ የፍጻሜ ጨዋታዎች አንድም ኳስ አልወረወረም። እህቴ፣ «ለምን ጎበዙን አላስገባውም» ለሚለው ጥያቄዎ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ምርጫ የነበረው ልጅ እንኳ ተቀምጦ ነው ቡድኑ ዋንጫ ያነሳው።

«አንድ ጎበዝ ልጅ ብቻውን ያሸነፈበት ጊዜ የለም?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የ2016ቱ ኮስታል ካሮላይና ነው። አንድሩ ቤክዊዝ ኦማሃ ላይ ሁለት ጨዋታዎችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻውን ወረወረ፤ አሪዞናን 4 ለ 3 ያሸነፉበትን የመጨረሻ ጨዋታም የጀመረው እሱ ነው። ድንቅ ሥራ ነው፤ ልቤ ሁልጊዜ ይነካል። ነገር ግን ቡድኑ እዚያ ስምንት ጨዋታ ተጫውቷል፤ ቤክዊዝ የጀመረው ሦስቱን ነው። ሌሎቹን አምስት ሌሎች ጀምረዋል፤ ዋንጫው የተገኘበትን የመጨረሻውን መቺ ያስወጣውም ሌላ ጊዜ ስታርተር የነበረው አሌክስ ከኒንግሃም ነው። ደግሞም ብቻውን የሚጨርስ ፒቸር ትልቁ ጥቅሙ በዚያ ቀን ማሸነፉ ብቻ አይደለም፤ ቡልፔኑን በሙሉ ያሳርፋል። በ2022 የኦሌ ሚሱ ዲላን ደሉሺያ አርካንሳን 2 ለ 0 ብቻውን ጨርሶ ቡድኑን ወደ ፍጻሜው ሲያስገባ፣ ኦክላሆማን ሊገጥም የሄደው ያረፈ ቡልፔን ነበር። ሁለቱን ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ።

እውነተኛው ተቃራኒ ምሳሌ የ2025ቱ ኤልኤስዩ ነው። ኬድ አንደርሰን የፍጻሜውን የመጀመሪያ ጨዋታ በ130 ኳስ ብቻውን ጨርሶ ኮስታል ካሮላይናን 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በማግስቱ አንተኒ አያንሰን ጀምሮ 5 ለ 3 ሆነ፤ አለቀ። ሁለት ታላላቅ ስታርተሮች በቂ ሆኑ። ለምን ቢሉ ቡድኑ ኦማሃ ላይ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። ሳትሸነፍ የምትሄድ ከሆነ በጨዋታዎቹ መካከል የዕረፍት ቀን ታገኛለህ፤ አምስተኛው ፒቸርህ ማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅህም። ያው ቡድን ግን ገና ሪጅናሉ ላይ በሊትል ሮክ ተሸንፎ ወደ መጨረሻው ቀን ተገፍቶ ነበር፤ ያን ቀን ከቡልፔኑ ጥልቀት ባያገኝ ኦማሃን አያያትም ነበር። በፒቸሮች ጥልቀት የማምነው ለዚህ ነው፤ ቀን ሲቀና ላያስፈልግ ይችላል፤ የመጀመሪያው ሽንፈት ሲመጣ ግን ሌላ ማምለጫ የለም።

አንድ ነገር ግን ሳልሸሽግ ልናገር፤ ፒቸር ብቻውን ዋንጫ አያመጣም። በ2023 በመላ አገሪቱ ዝቅተኛውን የነጥብ አማካይ የሰጡት የዌክ ፎረስት ፒቸሮች ነበሩ። በመጨረሻው ሌሊት 11 ኢኒንግ ሙሉ ነጥብ ማግኘት አቃታቸውና ተሰናበቱ። የሚመታ ሰው ይፈለጋል። በሌላ በኩል በ2008 ፍሬስኖ ስቴት በምድቡ አራተኛና መጨረሻ ተደርጎ ገብቶ፣ ዋናው ፒቸሩ ታነር ሼፐርስ በትከሻ ጉዳት ውጭ ሆኖ፣ ዋንጫውን ወሰደ። የአርብ ልጁን ያጣ ቡድን ሁሉ አለቀለት ማለት አይደለም።

እንግዲህ ጥልቀት ስል ምን ማለቴ ነው? የስም ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ፒቸሮች ቁጥር አይደለም። የኮሌጅ ቡድን ግማሽ ያህሉ ፒቸር ነው፤ በቁጥር ማንም አያንስም። ጥልቀት ማለት ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ቆሞ፣ ጨዋታው እኩል ሆኖ፣ አሠልጣኙ ስልኩን አንሥቶ ወደ ቡልፔን ሲደውል ሳይሳቀቅ ስማቸውን የሚጠራቸው ልጆች ቁጥር ነው። ብዙ ቡድን ላይ ይህ ቁጥር አራት ወይም አምስት ነው። ረጅም መንገድ የሚሄዱት ስምንትና ዘጠኝ አላቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው ነው፤ ያ 400 ኳስ ለሦስት ልጅ ክንድ መስበሪያ ነው፤ ለስምንት ልጅ ግን የአንድ የሥራ ቀን ነው።

ያ እምነት የሚሠራው ማርችና ኤፕሪል ላይ፣ በዚያ ማንም በማያየው የማክሰኞ ጨዋታ ነው። አሠልጣኞችን አጥብቄ የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። ማክሰኞ 6 ለ 5 እየመሩ ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ያንኑ የለመዱትን ሪሊቨር ያወጣሉ፤ ጨዋታዋን ያሸንፋሉ። የአንደኛ ዓመቱ ልጅ ግን በጠባብ ነጥብ ወርውሮ አያውቅም። ሲገባ 12 ለ 2 ሲመሩ ወይም ሲመሩበት ነው፤ መቺዎቹም እሱም ውጤቱ እንደማይለወጥ ያውቃሉ። ከዚያ ጁን ላይ፣ የሌላ ከተማ ስታዲየም ሞልቶ እየጮኸ፣ የዓመቱን የመጀመሪያ ከባድ ኳስ እንዲወረውር ይጠየቃል። ልጁ ሁለት ሰው በነፃ ቤዝ ሲያሳልፍ «ነርቭ ሆነ» ይባላል። ማን አለማመደው? አንዲት የማክሰኞ ሽንፈት ከፍሎ አንድ የሚታመን ክንድ የገዛ አሠልጣኝ ጁን ላይ ያተርፋል።

የትምህርት ቤት አቅምም አለበት። ለብዙ ዘመን አንድ የዲቪዚዮን አንድ ቡድን ለመላ ተጫዋቾቹ የሚያካፍለው 11.7 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። ገንዘቡን በሁለት ስታርተር ላይ ካፈሰስክ ለዘጠነኛው ፒቸር የሚተርፍ የለም። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ላይ የገቡ ትምህርት ቤቶች አሁን የስኮላርሺፕ ጣሪያ የለባቸውም፤ የተጫዋቾቹ ቁጥር ግን ከ34 እንዳይበልጥ ተገድቧል። ለሀብታሞቹ ጥሩ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወርም ስለቀለለ ትንሽ ትምህርት ቤት ያሳደገውን ሦስተኛ ፒቸር ትልቁ መጥቶ ይወስደዋል፤ ስኪንስ ራሱ ከአየር ኃይል አካዳሚ፣ ኸርድ ከዩሲኤልኤ፣ አያንሰን ከዩሲ ሳንዲዬጎ ነው ወደ ኤልኤስዩ የመጡት። እንደ ልጅዎ ላለ የአንደኛ ዓመት ልጅ ይህ ማለት ቦታው ጠባብ ነው፤ ግን ቦታ ላይ ከቆየ በእውነት ይፈለጋል ማለትም ነው።

የአርቡ ልጅ ጉዳይ ላይ አንድ ልጨምር። አሠልጣኞች አርብ ላይ ከባድ ምርጫ አለባቸው። የመጀመሪያው ተጋጣሚ ደካማ ከሆነ ሁለተኛውን ፒቸር አሰልፎ ዋናውን ለቅዳሜው ጠንካራ ቡድን ማቆየት ይቻላል። ከቀና ቅዳሜን አሸንፈው እሑድ አንድ ጨዋታ ብቻ ይቀራቸዋል። ካልቀና አርብ ተሸንፈው ዋናውን ፒቸር ለመሰናበት ጨዋታ ያወጡታል። የእርስዎ ልጅ አሠልጣኝ አርብ ዋናውን አሰልፎ ቅዳሜ ተሸነፈ። እኔ ብሆን በሦስተኛውና በአራተኛው ፒቸር የማልተማመን ከሆነ እንደሱ አደርግ ነበር፤ የምተማመን ከሆነ ግን ለቅዳሜ አቆየው ነበር። ያም ሆነ ይህ ምርጫውን የሚወስነው የኋለኞቹ ልጆች ጥንካሬ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ክንድ ልምጣ፤ ለኔ ከዋንጫው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በ2009 ኦስቲን ላይ በተደረገ ሪጅናል ቴክሳስና ቦስተን ኮሌጅ 25 ኢኒንግ ተጫወቱ፤ ሰባት ሰዓት ፈጀ፤ ቴክሳስ 3 ለ 2 አሸነፈ። የቴክሳሱ ኦስቲን ዉድ ከቡልፔን ወጥቶ 13 ኢኒንግ፣ 169 ኳስ ወረወረ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። በማስታወሻ የሚኖር ጀግንነት ነው፤ ግን ማንም ልጅ 169 ኳስ እንዲወረውር መጠየቅ የለበትም፤ እምቢ ማለት ያለበትም ልጁ አይደለም። የሃያ ዓመት ልጅ ስሙ ሲጠራ «ደክሞኛል» አይልም። አላባማ፣ በርሚንግሃም ያለው የስፖርት ሕክምና ተቋም ተመራማሪዎች በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ፒቸሮችን መርምረው፣ ክንዳቸው እየደከመ ዘወትር የሚወረውሩት ለቀዶ ሕክምና የመድረስ ዕድላቸው 36 እጥፍ እንደሆነ አግኝተዋል። ያ የክርን ጅማት ከተበጠሰ ቶሚ ጆን የሚባለው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለመመለስ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይወስዳል። የኮሌጅ ዘመኑ ግማሽ ሄደ ማለት ነው።

ይህን ስል ላስፈራዎ አይደለም። ሁለት ቀን በተከታታይ መወርወር ለሪሊቨር የተለመደ ነው፤ ጉዳዩ ስንት ኳስ ነው። በዚያው በፒች ስማርት መሠረት እስከ 30 ኳስ የወረወረ በማግስቱ መግባት ይችላል። ከ31 እስከ 45 ከሆነ አንድ ቀን፣ እስከ 60 ሁለት ቀን፣ እስከ 80 ሦስት ቀን ማረፍ አለበት። ልጅዎ ቅዳሜ 18፣ እሑድ 22 ወርውሮ ከሆነ ይተኙ። ቅዳሜ 50 ወርውሮ እሑድ ከተጠራ ግን ቅር ይበልዎ፤ ለመጠየቅም መብት አለዎት። ቡልፔን ውስጥ ለማሟሟቅ ተነሥቶ ሳይገባ የተቀመጠባቸውን ጊዜያትም ይጠይቁት፤ እነዚያ ኳሶች የትም አይመዘገቡም፣ ክንዱ ግን ይቆጥራቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ብዙ ያልወረወረ ልጅ ደግሞ ክንዱ ትኩስ ይሁን እንጂ ለድንገተኛ ብዛት አልሠለጠነም፤ ከለመደው እጥፍ ሲወረውር ነው አደጋው።

ቪዲዮ ካለዎት አብረው ይዩት። የደከመ ፒቸር የኳሱ ፍጥነት በሰዓት በሁለት ሦስት ማይል ይወርዳል፤ ኳሱ ከፍ ከፍ እያለ ያመልጠዋል፤ ክርኑ ከትከሻው በታች ይወርዳል፤ በአንዱ ኳስና በሚቀጥለው መካከል ጊዜ ይወስዳል፣ እጁን ያወናጭፋል። በማግስቱ ጡንቻው ቢዝል ጤነኛ ነው። ሕመሙ በክርኑ ውስጠኛ በኩል በአንዲት ነጥብ ላይ ከሆነ፣ ወይም የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ከደነዘዙ፣ ኳስ ሳይነካ ለቡድኑ ሐኪም ይታይ።

ልጅዎ በጋውን በየትኛውም ሊግ ሊጫወት ካሰበ፣ ከመሄዱ በፊት የፒችንግ አሠልጣኙን አንድ ነገር እንዲጠይቅ ይንገሩት፤ «በሚቀጥለው ማርች በጠባብ ነጥብ እንድታስገባኝ ምን ማሻሻል አለብኝ?» አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ሁለተኛ የኳስ ዓይነት ነው፤ ከፈጣኑ ሌላ፣ ሦስት ቦልና ሁለት ስትራይክ ላይ (አንድ ስህተት መቺውን በነፃ ቤዝ በሚያሳልፍበት ሰዓት) ሆኖ እንኳ ለመወርወር የማይፈራው። እስከዚያው ግን የቅዳሜውንና የእሑዱን የኳስ ቁጥር ከውጤት መዝገቡ ላይ አይተው፣ ከዚያ በኋላ ስንት ቀን እንዳረፈም ጨምረው ይጻፉልኝ፤ አይቼ በዝርዝር እመልስልዎታለሁ።